አያስፈልግም የተባለው መስመር

እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። 14 ላፕቶፖች በአንድ ክፍል ውስጥ ተደርድረው ተከፍተዋል። ሁሉም በፍጥነት ተነሥተዋል። አንዳቸውም ግን ዋይፋይ አያዩም።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ 14 ወጣቶች በዚህ በር ይገባሉ። ሥልጠናው ነፃ ነው። ለትራንስፖርት ተበድረው የሚመጡ አሉ። ተራ እስኪደርሳቸው ወራት የጠበቁም አሉ። ትምህርቱ በሙሉ ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ አንድም የኔትወርክ ኬብል የለም።

ቫይረስ አልገባም፤ መብራት አልጠፋም፤ ኔትወርኩም ደህና ነው። ጥፋቱ የአሠልጣኙ የራሱ ነው። ቅዳሜ ማታ «ይኼ ምን ይሠራል?» ብሎ ሳይጠይቅ «ይኼ አያስፈልግም» ያላቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው እዚህ ያደረሱት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፖቹ አንድ መሥሪያ ቤት አዲስ ሲገዛ የለገሳቸው ያገለገሉ ዕቃዎች ናቸው፤ ሁሉም አንድ ሞዴል። ሊኑክስ ተጭኖባቸዋል፣ ያም ሆኖ ለመነሣት ብዙ ይቆያሉ። አሠልጣኙ ለእነዚህ ማሽኖች ብቻ የተለካ፣ ትርፍ ነገር የሌለው ከርነል ልገንባ ብሎ ተነሣ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም።

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት ነው። ፕሮግራሞች ሚሞሪም ሆነ ዲስክ ሲፈልጉ የሚጠይቁት እሱን ነው። የሊኑክስን ከርነል እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ዛሬ በየአንድሮይድ ስልካችሁ ውስጥ አለ። የዓለማችን 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ሁሉም የሚሠሩት በእሱ ነው። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው አውርዶ፣ የሚፈልገውን መርጦ፣ የራሱን መገንባት ይችላል።

ጣጣው ያለው መምረጡ ላይ ነው። ከ10 ሺህ በላይ ምርጫዎች አሉ። ለአብዛኞቹ የሚሰጠው መልስ አንድ ፊደል ነው። «ዋይ» ካሉ ከከርነሉ ጋር አብሮ ይገነባል። «ኤም» ካሉ ሞጁል ሆኖ ዲስክ ላይ ይቀመጥና ሲያስፈልግ ይጠራል። «ኤን» ካሉ ይቀራል። ከየምርጫው ሥር ማብራሪያ አለ፤ ብዙዎቹ ማብራሪያዎችም በአንድ ትሑት ምክር ያልቃሉ፤ እርግጠኛ ካልሆንክ ይህን ፊደል ምረጥ ይላሉ። የጻፉት ሰዎች አንባቢያቸው የማያውቀው ነገር እንደሚኖር አስቀድመው አስበውለታል።

ከምርጫዎቹ መካከል «የፈርምዌር ድራይቨሮች» የሚል ክፍል አለ። ፈርምዌር ማሽኑ ሲመረት አብሮት የተቀመጠ ሶፍትዌር ነው። የማብሪያውን ቁልፍ ስትጫኑ መጀመሪያ የሚነቃው እሱ ነው። ሚሞሪውን፣ ዲስኩን፣ ስክሪኑን ይቀሰቅስና ከርነሉን ጠርቶ ሥራውን ያስረክባል። ድሮ ባዮስ ይባል ነበር፤ አሁን በአብዛኛው ዩኢኤፍአይ የሚባለው ተተክቷል። ሥራውን ያስረክብ እንጂ ከቤት አይወጣም። የማሽኑን ሠሪና ሞዴል፣ ከየትኛው ዲስክ መነሣት እንዳለበትና ሌላም መረጃ ይዞ ይቀመጣል። የፈርምዌር ድራይቨሮች ከርነሉ ከዚህ አሮጌ የቤት ዘበኛ ጋር የሚነጋገርባቸው መስኮቶች ናቸው።

ቅዳሜ ማታ አሠልጣኙ ይህን ክፍል ከፈተ። አንዱ መስመር በኔትወርክ ካለ ዲስክ ለሚነሡ ሰርቨሮች ነው፤ ኤን። አንዱ በኮምፒውተር ውስጥ ለሚፈጠር ምናባዊ ኮምፒውተር ነው፤ ኤን። ሌላው የጎግል ፈርምዌር ላለባቸው ማሽኖች ነው፤ ኤን። ሦስቱም ትክክል ነበሩ። ሰው ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ልክ ሲሆን አራተኛውን ማንበብ ይተዋል። አራተኛው የማሽኑን ማንነት፣ ሠሪውንና ሞዴሉን፣ ለፕሮግራሞች የሚያሳይ መስመር ነበር። «ስሙን ማን ይጠይቀዋል?» አለና እሱንም ኤን አለው።

ሁለተኛው ስህተት ዋይፋዩ ላይ ነው። የዋይፋይ ቺፕ የራሱ ትንሽ ፈርምዌር አለው። ያ ፈርምዌር በብዙ ላፕቶፖች ላይ ዲስክ ውስጥ በፋይል ይቀመጣል፤ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ድራይቨሩ ያነሣና ለቺፑ ያጎርሰዋል። ሳይጎርስ ቺፑ አይሠራም። ከርነል ለሚገነቡ ሰዎች ደግሞ በሥራ ላይ ያሉትን ድራይቨሮች ቆጥሮ ሌላውን የሚያጠፋ፣ የቀሩትን በሙሉ «ዋይ» የሚያደርግ አቋራጭ ትእዛዝ አለ። አሠልጣኙ በዚህ ትእዛዝ ተጠቀመ።

ከዚያ በአንዱ ላፕቶፕ ሞከረ። ፈጠነ። ደስ አለው። የሞከረው ግን ቢሮው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ እዚያ ኢንተርኔቱ የሚመጣው በኬብል ነው። አዲሱን ከርነል በፍላሽ ወደ 14ቱም ወሰደ። የላፕቶፖቹ ዲስክ ጠባብ ስለሆነ ቦታ ለመቆጠብ የድሮውን አጠፋ።

እሑድ ማታ የአንዱን ማሽን መዝገብ ሲያነብ «የፈርምዌር ፋይሉ አልተጫነም፣ ስህተት -2» የሚል አገኘ። ትርጉሙ «ፋይሉ የለም» ነው። ዲስኩን ፈተሸ። ፋይሉ በቦታው አለ። ከብዙ ዓመት በፊት ሙያውን ላስተማሩት ሰው ደወለ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ በማታ። ፋይሉ አለ፤ ከርነሉ ግን የለም ይለኛል።»

«ድራይቨሩን ምን ብለህ ነው የገነባኸው?»

«ዋይ።»

«ታዲያ ፋይሉን የጠየቀው መቼ ነው? ዲስኩ ከመከፈቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

ዝም አለ።

«ልጄ፣ ሰውየው ዕቃ ሊያወጣ የሄደው ንብረት ክፍሉ ገና ሳይከፈት ነው። ቢያንኳኳ የሚከፍት የለም። ‹ዕቃው የለም› ብሎ ሪፖርት አድርጎ ተመለሰ። ዕቃውማ አለ፤ ሰዓቱ ነው ያልደረሰው። ኤም ብትለው ኖሮ ዲስኩ ከተከፈተ በኋላ ይጠራ ነበር።»

«ገባኝ። ሌላም አለ ጋሼ፤ ማይክ ማጥፊያዋ ቁልፍ አልሠራ አለች።»

«የማሽኑን ማንነት የሚያሳየውን መስመር አጥፍተሃል?»

«አዎ።»

«በየሞዴሉ አንዳንድ ልዩ ቁልፎች አሉ። ሲስተሙ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሆነ የሚያውቀው መጀመሪያ የማሽኑን ስም ጠይቆ ነው። ስሙን ከደበቅህበት በምን ይወቀው? ለመሆኑ የድሮውን ከርነል አስቀርተሃል?»

«ቦታ እንዳይዝ ብዬ… አጠፋሁት።»

ጋሼ ትንሽ ቆዩና «እሺ፣ ቡና አፍላ። ሌሊቱ ረጅም ነው» አሉት።

በመሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ይህን ታሪክ ከርነል ሳይገነባም ያውቀዋል።

አዲስ መዋቅር ይመጣል። ጥናት የሚባል ነገር ይቀርባል። መጀመሪያ የሚታጠፉት መደቦች በእርግጥም ትርፍ ናቸው፤ ሁሉም ያጨበጭባል። ከዚያ ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይመጣሉ። የሥራ ዝርዝራቸው ሁለት መስመር ነው። «ይህን ደግሞ ማን ይፈልገዋል?» ይባላል። ሴትዮዋ ይሄዳሉ። ከወራት በኋላ ባለጉዳይ የአባቱን ፋይል ሲጠይቅ «ፋይሉ የለም» የሚል መልስ ያገኛል። ፋይሉ አለ። የት እንዳለ የሚያውቀው ሰው ነው የሌለው። «የለም» የሚለው መልስ በሐቅ የተነገረ ቢሆንም ሐሰት ነው፤ ባለጉዳዩም ስህተቱ የማን እንደሆነ ሳያውቅ ይመለሳል።

የሙከራው ነገር ደግሞ ይብሳል። አሠልጣኙ የሞከረው በኬብል ነው፤ ተማሪዎቹ የሚጠቀሙት በዋይፋይ ነው። ስንት አሠራር ነው መብራትና ኢንተርኔት በማይቋረጥበት ቢሮ ተሞክሮ፣ «ውጤታማ ነው» ተብሎ፣ ሁለቱም ወደሌሉበት ወረዳ የሚላከው? ሞካሪው አልዋሸም። የሞከረው ግን ለራሱ በሚመቸው ቦታ ነው።

ታዲያ ምንም ነገር አይነካ ማለት ነው? አይደለም። እንዳለ መተውም ዋጋ ያስከፍላል፤ ለዚህ ከዚያው ከፈርምዌሩ ሰፈር የተመዘገበ ታሪክ አለ።

ዩኢኤፍአይ የሚይዛቸው ቅንብሮች በሊኑክስ ላይ እንደ ተራ ፋይል ሆነው ይታያሉ፤ የማሽኑ አስተዳዳሪ ሊጽፍባቸውም ሊያጠፋቸውም ይችላል። ይህ ያለ ምክንያት አልተደረገም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲጫን የመነሻ ቅደም ተከተሉን መቀየር ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ግን አንድ ዜና ተሰማ። ሁሉንም ፋይል የሚያጠፋው ትእዛዝ በአንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ሲሰጥ፣ ዲስኩን ብቻ ሳይሆን እነዚያን ቅንብሮችም አብሮ ያጠፋል። ፈርምዌራቸው በደንብ ያልተሠራ ማሽኖች ከዚያ በኋላ ጨርሶ አልነሡም። ሌላ ሲስተም መጫን እንኳ አልተቻለም፤ ላፕቶፑ ድንጋይ ሆነ።

ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ወገን «አስተዳዳሪ የፈለገውን የማድረግ መብት አለው፤ ጥፋቱ የአምራቹ ነው» አለ። ሌላው «በሩን ማን ክፍት አደረገው?» አለ። የከርነሉ ሰዎች የወሰዱት መፍትሔ በሩን አልዘጋውም፤ ክፍቱንም አልተወውም። ቢጠፉ ጉዳት እንደሌላቸው ከሚታወቁት ጥቂቶች በቀር ቅንብሮቹ በቀላሉ እንዳይነኩ ተቆለፉ። መንካት የፈለገ አስተዳዳሪ መጀመሪያ ቁልፉን በራሱ ትእዛዝ ማንሣት አለበት። ሥልጣኑ እንዳለ ነው፤ በስህተት ግን አይሠራም።

ስለ ዋይፋይ ፈርምዌርም እንዲሁ ረጅም ክርክር ነበር። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ማኅበረሰብ ኮዳቸው የማይታይ ፈርምዌሮችን ለዓመታት ከዋናው መጫኛው ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። ምክንያቱ የሚከበር ነው፤ ውስጡን የማታየውን ነገር እንዴት ታምነዋለህ? ግን አዲስ ተጠቃሚ ላፕቶፑ ላይ ሲጭን ዋይፋይ አጥቶ መሐል መንገድ ላይ ይቀር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ በይፋ ተከራክረው ድምፅ ሰጡ፤ በ2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሮቹን ከመጫኛው ጋር አካተተ። በውሳኔው ያልተስማሙ አሉ። ማን ለምን እንደወሰነ ግን ተጽፎ ይገኛል።

አሠልጣኙ የጎደለው ይኸው ነበር። ኤን ማለቱ በራሱ ጥፋት አልነበረም፤ ለምን ኤን እንዳለ ራሱም አለማወቁ ነው የጎዳው።

በዚያ ሌሊት የዋይፋዩን ድራይቨር ኤም አደረገው። የማሽኑን ማንነት የሚያሳየውን መስመር ዋይ አለው። ሦስቱን የመጀመሪያ መስመሮች ኤን እንዳሉ ተዋቸው፤ እነሱ ትክክል ነበሩ። ከርነሉ እስኪገነባ ከአንድ ሰዓት በላይ መብራት እንዳይጠፋ እየጸለየ ጠበቀ። ከዚያ በአንድ ላፕቶፕ ሞከረ፤ አሁን ግን ሥልጠናው ክፍል ውስጥ፣ ተማሪ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ኬብል። ዋይፋዩ መጣ። ማይክ ማጥፊያዋም ሠራች። 14ኛውን ሲጨርስ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሆኖ ነበር። ይህኛውን ከርነል በመጠባበቂያነት በየማሽኑ ላይ አስቀረው፤ ወደፊት አዲስ ቢሞክር መመለሻ እንዲኖረው።

ከመተኛቱ በፊት አንድ የተማሪ ደብተር አውጥቶ በእስክሪብቶ ሦስት ዓምድ አሰመረ፦ ምን ይሠራል? ለምን ተወሰነ? ቢጠፋ ማን ይጎዳል? የነካቸውን መስመሮች አንድ በአንድ ጻፈ። በመጨረሻው ረድፍ ላይ ማብራሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ያልገባው ምርጫ ነበር። ከፊቱ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «አላውቀውም፤ ስለዚህ አልነካሁትም። የሚያውቅ ሰው ይጻፍበት።»

ደብተሩ ዛሬም እዚያው ክፍል፣ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ። በእናንተ መሥሪያ ቤትስ ይህን ደብተር የሚይዘው ማን ነው?