ማንኪያውን በሳሙና እጠቡት

ዛሬ ስለ ካሻም ስለ ዩኤንም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ ማንኪያ ነው።

እዚህ አል-ሳሃፋ ያለውን ኑሯችንን ታውቁታላችሁ። አንድ ክፍል ለስድስት ለሰባት ሰው ነው። ኩባያው የጋራ፣ ቢላው የጋራ፣ ከዚሩ ውሃ የምንቀዳበት ጣሳም አንድ ነው። ሲያመን ካሻ ፈርተን ሆስፒታል አንሄድም፤ አሞክሳሲሊን ወይም አምፒሲሊን ገዝተን እንገባለን። መዋጥ ያቃተው እንክብሉን ከፍቶ ዱቄቱን በማንኪያ ይበጠብጣል። ቁስል ያለበትም ቁስሉ ላይ ይነሰንሰዋል፤ ይህ ከሀገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። ከዚያ ማንኪያው በጨርቅ ተጠርጎ ወደ ቦታው ይመለሳል።

አብሮን የሚኖር አንድ ልጅ ፔኒሲሊን አይስማማውም። ባለፈው ወር በዚያ ማንኪያ ሻዩን አማስሎ ጠጣ። ወዲያው ከንፈሩ አበጠ፣ ሰውነቱ ሽፍታ ሞላው፣ ትንፋሹ ያፏጭ ጀመር። ካሻውን ረስተን በራክሻ ይዘነው በረርን፤ መርፌ ተወግቶ ተረፈ። ሐኪሙ ምን እንደነካው ሲጠይቅ፣ አስበን አስበን ያገኘነው ማንኪያውን ብቻ ነው። «ለምን አልነገርከንም?» ስንለው «በሽተኛ ነው ብላችሁ ከክፍሉ እንዳታስወጡኝ» አለን።

በዚያች ቅሪት ሰው ይታመማል ወይ የምትሉ አላችሁ። አለርጂ እንደ መርዝ መጠን ብቻ አይደለም። የሰውነት ዘበኛ አንዴ ፔኒሲሊንን ጠላት ብሎ ከያዘው፣ ጥቂትም ብትሆን ሊነሳባት ይችላል። በፔኒሲሊን ከታከመች ላም ወተት ውስጥ በቀረ ቅሪት የታመሙ ሰዎች አሉ። አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊንም የፔኒሲሊን ቤተሰብ ናቸው፤ ስሙ ተለየ ብላችሁ አትዘናጉ። ቆዳ ላይ የሚቀባ ፔኒሲሊን የቀረውም ሰውነትን በቀላሉ ለአለርጂ ስለሚዳርግ ነው፤ ስለዚህ ቁስል ላይ መነስነሱን እንተው።

አትሸበሩ፤ ብዙውን ሰው ይህ ቅሪት ምንም አያደርገውም። የሚያሰጋው ለዚያ ለአንዱ ነው። እሱ ማን እንደሆነ ክፍላችሁ ውስጥ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ባለሙያ ሳያዝ እንክብል አንክፈት። መድኃኒት የነካ ማንኪያና ኩባያ ለታመመው ብቻ ይሁን፤ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ መጥረግ ማጠብ አይደለም። አዲስ ሰው ሲገባ የኪራዩን ድርሻ ስትነግሩት «የማይስማማህ መድኃኒት አለ?» በሉት። የማይስማማው ካለ በዐረብኛ ጽፎ ኪሱ ይያዝ፤ መድኃኒት ሲገዛም «ዐንዲ ሐሳሲያ ሚን አል-በንሰሊን» ይበል። ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ወረቀት የለኝም ብላችሁ አትዘግዩ፤ ወደ ሐኪም ሩጡ።

ዐረብኛ የሚጽፍላችሁ ካጣችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ እጽፍላችኋለሁ። ሕመሙን የነገራችሁን ሰውም ከክፍል አታስወጡት። እዚህ ያለነው ዘመድ እርስ በርሳችን ነን። ለሌሎችም አድርሱልኝ።