አትነሺ

እማዬን የገጫት ሚኒባስ ታክሲ ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ ከገበያ ስትመለስ፣ ቤታችን ልትደርስ ሁለት መቶ ሜትር ሲቀራት። ስልኬ ሲጠራ ላፕቶፕ ላይ ነበርኩ። የማላውቀው ቁጥር ስለሆነ ሁለቴ ዘጋሁት። በሦስተኛው አንድ ልጅ «የእናትህ ስልክ ተሰብሯል፣ ያንተን ቁጥር በቃሏ ነው የነገረችኝ» አለኝ። የጭን አጥንቷ ተሰብሮ አስፋልት ላይ ተኝታ የልጇን ቁጥር በቃሏ የምትጠራ ሴት ናት። ይህን መጀመሪያ የምነግራችሁ፣ በኋላ ያደረግናትን ስታነቡ ማን እንደነበረች እንዳትረሱብኝ ነው።

የገንዘቡን ነገር አልዘረዝርም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር ይል ነበር፤ 2,000 ብር እስከ ስንት ሰዓት እንደሚያደርስ ሆስፒታል የገባ ሰው ያውቀዋል።

እግሯ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ስድስት ቀን ተራ ጠበቅን። በነዚያ ስድስት ቀናት የመጣ ጠያቂ ሁሉ የሚያውቀው ወጌሻ ነበረው። «ብረት ከገባ እኮ እግሩ የራሷ አይሆንም» አሉ አንዷ የእድር ጓደኛዋ፣ እሷው ፊት። ወጌሻ አልንቅም፤ በልጅነቴ የወለቀ ክንዴን የመለሰልኝ ወጌሻ ነው። ይሄ ግን ሌላ ነው። አባዬ ግድግዳ ግድግዳውን ሲያይ ቆየና «አንተ ፈርም፣ አንተ ነህ የተማርከው» አለኝ። ፈረምኩ።

የዚያን ሌሊት ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ስለሚገባላት ብረት ማንበብ ጀመርኩ። ሳይን ይባላል። ሉዊስ ዚርክል የሚባል አሜሪካዊ የአጥንት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1999 ባቋቋመው ድርጅት የተሠራ ዘንግ ነው፤ በአጥንቱ መሐል፣ መቅኔው ባለበት ይገባል። የወደድኩት ነገር፣ ቀዶ ጥገና እየተደረገ ራጅ የሚያሳይ መሣሪያ በሌለበትም እንዲሠራ ታስቦ መነደፉ ነው፤ ዘንጉ ላይ ያሉትን የብሎን ቀዳዳዎች ሐኪሙ ከውጭ በሚገጠም መምሪያ ክንድ ያገኛቸዋል። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ ፍርሃቴ ይቀንሳል። ሙያዬ ያስለመደኝ አመል ነው መሰለኝ፤ አሠራሩ ከገባኝ የያዝኩት ይመስለኛል።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ስንወጣ ሐኪሙ «በክራንች እየደገፋችሁ ቀስ በቀስ ታስረግጧታላችሁ» አለን። ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አሁንም አለ። አልነገሩንም ማለት አልችልም።

አልጋዋን ሳሎን አደረግነው። አጥሚቱ፣ የአጥንት ሾርባው፣ ብርቱካኑ ተደረደረ። እህቴ ፖፖውን፣ እኔ መድኃኒቱን፣ ጎረቤት ቡናውን ያዝን። እማዬ ትራሷን ልታስተካክል ብትሞክር እንኳ ከሦስት አቅጣጫ «ኧረ አትነሺ!» ይባላል። ክራንቹ ከነላስቲኩ በሩ ኋላ ቆመ። አንድ ሌሊት ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ወንበር ተደግፋ ቆማለች፤ ወደ ኩሽና ልትሄድ ነው። «አብደሻል? ብረቱን ልታጣሚው ነው?» ብዬ ጮህኩባት። አፏን ልትከፍት ስትል ተወችውና ተመልሳ ተኛች። በሕይወቷ ሙሉ ማንም «ተይ» ብሎ አስትቷት የማያውቅ ሴት፣ እኔን ታዘዘችኝ። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ወር ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። ስብራቱ ዙሪያ መታየት የነበረበት አዲስ አጥንት ስስ ነው፣ እንደ ጭስ።

«ትረግጣለች?»

እኔና አባዬ ተያየን። እማዬ ናት የመለሰችው፦ «አይፈቅዱልኝም»።

ሐኪሙ አልተቆጣም። ዘንጉ ሸክሙን ከአጥንቱ ጋር እንዲጋራ እንጂ ብቻውን እንዲሸከም እንዳልተሠራ፣ አጥንትም ሲጫኑት እንደሚጠነክር ነገረን። እኔ አምስት ኪሎ አምስት ዓመት ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ዓመት ላይ የተማርነው ሸክም በምን በኩል አልፎ መሬት እንደሚደርስ ነበር፤ ፈተናውንም በደንብ አልፌዋለሁ። ያን ሌሊት ኮሪደር ላይ ሳነብም ይሄው ነገር ተጽፎ ነበር። አንብቤው አልፌዋለሁ።

ታክሲ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ቤት ስንደርስ አባዬ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ፍራሹን አነሳና አልጋውን ይፈታ ጀመር። ወደ መኝታ ቤት መለሰው። ከዚያ ወዲያ ቡና ሲፈላ የሚጠጣ ሰው ሳሎን ድረስ በእግሩ ይመጣል ማለት ነው። መጀመሪያ ቀን ለአሥራ አንድ እርምጃ ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ላቧ ነጠላዋን አራሰው። ጎረቤቶች «ምነው ጨከናችሁ?» አሉን። እህቴ ማየት አቅቷት ጓሮ ወጣች። እኔም አንዴ «ይበቃል ዛሬ» ልል ስል አባዬ በዓይኑ አስቆመኝ።

አሁን አንዱን ክራንች ጥላለች። ትናንት እስከ ውጭ በር ሄደች፤ እኔ ከኋላዋ፣ ብትወድቅ ልይዛት እጄን ወገቧ አጠገብ ዘርግቼ።

ዞር ሳትል፣ «ያን እጅህን ሰብስብልኝ» አለችኝ፤ «ስትነካኝ ነው የምደናቀፈው።»