ካራቆሬ፣ ቅጥያ ሰፈር

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አላወራም፣ ስለ ኳስም አላወራም። ስለ ጌም ነው። «ሠላሳ ዓመት ካለፈህ በኋላ ጌም?» የምትሉ ካላችሁ ሳቃችሁን ጨርሱና ተመለሱ፤ እጠብቃለሁ።

ጨረሳችሁ? እሺ።

ጌሙ «ዘ ሲምስ 2» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ ተኩስ የለበትም፣ የመኪና እሽቅድምድም የለበትም፣ ማሸነፍ የሚባል ነገርም የለበትም። ቤት ትሠራላችሁ፤ ሰው ታስገቡበታላችሁ፤ ሰውየው ይበላል፣ ይታጠባል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ያገባል፣ ያረጃል፣ ይሞታል። እናቴ መጀመሪያ ያየችው ቀን «ታዲያ ይሄ እኮ ኑሮ ነው፤ ጨዋታው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁላትም።

በ1999 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ አንድ የክፍሌ ልጅ ኮፒ ሲዲዎቹን አዋሰኝ። ቤታችን የነበረው ኮምፒውተር እህቴ በርካሽ ያገኘችው ፔንቲየም 4 ነው። አንድ ሰፈር ከፍቶ እስኪጨርስ አቦል ተጠጥቶ ያልቃል።

ሲዲዎቹ ላይ ከዋናው ጌም ሌላ ተጨማሪዎቹም ነበሩ፦ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጡት የዩኒቨርሲቲውና የምሽት ሕይወቱ፣ በ2006 የወጣው የንግዱ። እያንዳንዱ አንድ አዲስ ዓይነት ሰፈር ይዞ መጣ፦ የኮሌጅ ከተማ፣ መሀል ከተማ፣ የገበያ ሰፈር። እነዚህ ግን ብቻቸውን አይቆሙም። መጀመሪያ አንድ ዋና ሰፈር ይኖራችኋል፣ ሌሎቹ እሱ ላይ ይቀጠላሉ። እኔ «ቅጥያ ሰፈር» እላቸዋለሁ። የሰዋስው መምህራችን እንደሚሉት ነው፤ ዋናው ቃል ከሌለ ቅጥያው ብቻውን ትርጉም የለውም። ዋናውን ሰፈር ብትደመስሱት ቅጥያዎቹ ሁሉ አብረውት ይሄዳሉ። ደስ የሚለው ግን «አንድ ብቻ» አትባሉም። ኮምፒውተራችሁ እስከቻለ ድረስ ሁለትም፣ አራትም መቀጠል ትችላላችሁ። ጌሙ የሰጣችሁን ብቻ ሳይሆን በገዛ እጃችሁ የቀረጻችሁትንም ጭምር።

ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

እኔ የካራቆሬ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ የመጣሁት በ1995፣ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ታዲያ ትምህርት ቤት «ሰፈርህ የት ነው?» ሲሉኝ «ካራቆሬ» እል ነበር። «አሃ፣ ከአየር ጤና ወዲያ ያለችው?» ይሉኛል። እኔም ዝም። የኔዋ ካራቆሬ ግን በደሴ መንገድ ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፋችሁ ወደ ከሚሴ ስትሄዱ፣ ሹፌሩ ሻይ ካላማረው በቀር ሳታስተውሏት የምታልፏት የይፋት ቆላ ከተማ ናት። ስሟ ከአዲስ አበባ ሰፈር ጋር አንድ መሆኑ ለኔ ሲሳይ ነበር። አልዋሸሁም፤ ብቻ አላረምኳቸውም። ፋራ ላለመባል ሰው ስንት ነገር ያደርጋል!

እናም ጌሙን ስጀምር ዋናው ሰፈር ያደረግሁት አዲስ አበባን ነው። ቦሌዬን ሠራሁ፣ ፎቄን ደረደርኩ። ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ማንም ሳያየኝ፣ ካራቆሬን ቀጠልኳት።

መቀጠሉ እንደምታስቡት ቀላል አልነበረም። ሲምስ ራሱ መሬት መቅረጽ አይችልም። መሬቱን የምትሠሩት «ሲምሲቲ 4» በሚባል እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ሌላ ጌም ነው። ተራራውን ታነሳላችሁ፣ ሜዳውን ትደለድላላችሁ፣ መንገዱን ትዘረጋላችሁ፣ ከዚያ ፋይሉን ወደ ሲምስ ፎልደር ትገለብጣላችሁ። መሬቱና መንገዱ ይሻገራሉ፤ የሠራችሁት ሕንፃ ግን አይሻገርም። ቤቱን አንድ በአንድ እንደገና ትሠራላችሁ። ደግሞ የሚቀበለው ትንሹን ካርታ ብቻ ነው፦ አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር። ጣርማ በርን ላስገባ ብል የት ላድርገው? ጣርማ በር ቀረ። የደሴን አስፋልት በመሀል አሳልፌ፣ ከኋላ ተራራ አቆምኩና «ካራቆሬ» ብዬ በላቲን ፊደል ጻፍኩባት።

ቀጥሎ የአያቴ ቤት መጣ። እምዬ ነው የምንላት። የእምዬ ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በቀጭን የእግር መንገድ የሚደረስበት የጭቃ ቤት ነው። ሲምስ ደግሞ መንገድ ያልነካውን መሬት ለቤት አይሰጥም። መንገድ ከሌለ ቤት የለም፤ አለቀ። ምን ላድርግ? እምዬን አስፋልት ዳር አወረድኳት። በሕይወቷ ሙሉ «የመኪና ጩኸት አልወድም» ስትል የኖረችን ሴት! ማጀቷን ሠራሁ፣ ምድጃ ግን በጌሙ ስለሌለ የፈረንጅ ምድጃ ገዛሁላት። እንጀራም ስለሌለ ስፓጌቲ ትቀቅላለች። ነጠላ ፈልጌ አጣሁ። ፀጉሯን ሽበት አድርጌ፣ ፊቷን የቻልኩትን ያህል አስመስዬ ተውኩት።

ከዚያ ሌሎቹ መጡ። ሰንበቴን የገበያ ሰፈር አድርጌ ቀጠልኳት፤ የእሁዱን ገበያ አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም፣ አማራውም የሚገናኝበትን ታውቃላችሁ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው ያኔ ሰሞን ስለነበር ኮሌጅ ከተማ አድርጌ ቀጠልኩት። አራት ሰፈር ሆነ። ኮምፒውተሩ እንደ ጤፍ ወፍጮ ያጓራል። እያንዳንዱ ቅጥያ ሰዎቹን ይዞ ስለሚመጣ የሕዝቡ ቁጥር በጨመረ ቁጥር ጌሙ ያዘግማል። ልክ እንደ አገራችን።

አሁን የጌሙን ሁለት ሕጎች ልንገራችሁ፤ ያለነሱ ታሪኬ አይገባችሁም።

አንደኛ፦ ሰው ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚሄደው በታክሲ ነው። ስልክ ይደውላል፣ ታክሲ ይመጣል፣ ሂሳብ የለም። መሀል ከተማ ሲዝናና ውሎ ቤቱ ሲመለስ ሰዓቱ ልክ የወጣበት ሰዓት ነው። እሱ በሌለበት ቤቱ ውስጥ አንዲት ደቂቃ አልሄደችም። እኔ ደግሞ ከአውቶቡስ ተራ በሌሊት ተነስቼ፣ ጣርማ በር ዋሻ ላይ በብርድ ተንቀጥቅጬ፣ ደብረ ሲና ቆሎ ገዝቼ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ጃኬቴን አውልቄ ነው የምደርሰው። በደረስኩ ቁጥር አንድ ነገር ተቀይሮ ይጠብቀኛል። አንድ ዛፍ ተቆርጦ፣ አንድ ሰው ሞቶ፣ እምዬ ትንሽ ጎብጣ።

ሁለተኛ፦ የማትጫወቱበት ቤት አያረጅም። በጌሙ አንድ ቀን 24 ደቂቃ ነው፤ የሚቆጥረው ግን የከፈታችሁት ቤት ብቻ ነው። ያልከፈታችሁት እንደተዋችሁት ይቀመጣል። እምዬን ሽማግሌ አድርጌ ስለሠራኋት ብዙ ከተጫወትኩባት ትሞታለች። ስለዚህ ቤቷን መክፈት ተውኩ። በ2001፣ መብራት በፈረቃ በነበረበት ክረምት፣ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁ። ከዚያ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ኑሮ።

እውነተኛዋ እምዬ በ2012 አረፈች። ለቀብሯ ደርሻለሁ። ቤቱን ቆለፍንና ቁልፉን ለአጎቴ ሰጠነው። «ጋሼ፣ ምንም ነገር እንዳይነካ» አልኩት። አልጋዋ፣ ረከቦቷ፣ የሰቀለችው መቋሚያ፣ ሁሉም እንደነበረ።

በዓመቱ፣ በ2013 የመጋቢትና የሚያዝያ ወራት፣ አጣዬ ተቃጠለች። ዜናውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። የማልረሳው አጎቴ ስልክ ያላነሳባቸውን ቀናት ነው። ካነሳ በኋላ መጀመሪያ የጠየቅሁት ስለ ቤቱ ነበር። «ቤቱ አለ» አለኝና ትንሽ ዝም ብሎ «እኛም አለን» አለኝ። አፈርኩ። ከዚያ ቤት ያጡ ሰዎች ብዙ መሆናቸውን ነግሮኝ፣ «የእናቴን ቤት ለአንድ ቤተሰብ ብንሰጠውስ?» አለ። እንደማይሆን ነገርኩት። ምክንያት ደርድሬ ነበር፤ አሁን አንዱንም አላስታውሰውም።

የሲምስን ፈጣሪ ዊል ራይትን የሚያውቅ ታሪኩን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1991 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ በተነሳው ቃጠሎ የሰውየው ቤት ከነዕቃው ወደመ። ኑሮውን እንደ አዲስ ሲገነባ፣ ሰው ለመኖር በእርግጥ የሚያስፈልገው ምንድን ነው ብሎ ማሰብ ጀመረ፤ የጌሙ ሐሳብ ከዚያ መጣ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰውየው ቤቱ ቢቃጠል እንደገና ስለ መጀመር የሚያወራ ጌም ሠራ። እኔ ያንኑ ጌም ይዤ ምንም ነገር እንዳይጀመር ዘጋሁበት።

ጥር 2017፣ አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት እየተንቀጠቀጠ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለነው በሌሊት ደረጃ የምንወርድበት ሰሞን ነበር። እምዬ ትዝ አለችኝ። በ1953ቱ የካራቆሬ መንቀጥቀጥ የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። ያኔ ማጀቴ ፈራርሳለች፣ ካራቆሬም ክፉኛ ተጎድታለች። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ፒየር ጉዊን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው መዝግበውታል። እምዬ ግን ስታወራው ስለ ፈረሰው ብዙም አትልም። «ሜዳ ላይ እያደርን አባቴ ቀን ቀን ጭቃ ያቦካ ነበር» ነው የምትለው። መሬቱ ገና ሳይረጋ!

በዚያው ወር መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2025፣ የመጀመሪያው ሲምስ 25ኛ ዓመት ሲከበር ሲምስ 2 ለዘመኑ ኮምፒውተር ተስተካክሎ እንደገና ወጣ። ገዛሁት። (አዎ፣ በገንዘቤ። የአሥረኛ ክፍል ኃጢአቴ ተሰረየልኝ።) የድሮውን ሰፈሬን ከአሮጌ ሃርድ ዲስክ ፈልጌ ገለበጥኩት። ተከፈተ። ካራቆሬን ነካሁ፤ የእምዬን ቤት ነካሁ።

እዚያው ነበረች። 16 ዓመት ሙሉ ስፓጌቲ እያማሰለች።

ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ አልሞክርም። ፖዝ ላይ እንዳለች አይቻት አይቻት ዘጋሁና ለአጎቴ ደወልኩ። የሆድ የሆዱን ካወራን በኋላ «የቤቱ ግድግዳ ሰንጥቋል» አለኝ።

«በመንቀጥቀጡ ነው ጋሼ?»

«ኧረ ልጄ፣ የምን መንቀጥቀጥ! ሰው አጥቶ ነው እንጂ። እሳት ያልነደደበት ቤት ጭስ የለው፤ ጭስ ከሌለው ምስጥ ይገባበታል። የሚኖሩበት ቤት መች ይፈርሳል?»

ጌሙ ያላስተማረኝ ሕግ ይሄ ነው። በሲምስ ያልተከፈተ ቤት እንዳለ ይቀመጣል። በካራቆሬ የተዘጋ ቤት ነው የሚፈርሰው። እኔ ስጠብቀው የኖርኩት የእምዬን ቤት አልነበረም፤ ለምስጥ ቀለብ ስሰፍር ነበር።

«ጋሼ፣ እነዚያ ቤት የሚፈልጉት ሰዎች አሁንም አሉ?» አልኩት።

«ሰው መች ይጠፋል» አለኝ።

ያን ሌሊት ጌሙን እንደገና ከፈትኩና ፖዙን ፈታሁ። እምዬ ስፓጌቲዋን አወጣች፣ በላች፣ ሳህኗን አጠበች። በሦስተኛው የጌም ቀን ጥቁር ለባሹ ሞት መጣ። በዚህ ጌም ደስ ብሎት የኖረ አዛውንት ሲሞት፣ ሞት ራሱ መጠጥ ይዞ፣ በሃዋይ ጨፋሪዎች ታጅቦ ነው የሚመጣው። እምዬ ብታይ አማትባ አማትባ አይበቃትም ነበር። መቃብሯን አላጠፋሁትም። የሲምስ ተጫዋች ሁሉ እንደሚያውቀው መቃብር መደምሰስ ሰፈሩን ያበላሻል፤ ሟቹ በሌሎቹ ትዝታ ውስጥ ስላለ።

ከዚያ አዲስ ሰፈር ጀመርኩ። ቅጥያን ነቅሎ ዋና ማድረግ ስለማይቻል ሁሉንም ከዜሮ። በዚህኛው ዋናዋ ካራቆሬ ናት። ሰንበቴ፣ ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ ቅጥያ ናቸው። ቦሌ በሉት ፎቅ፣ ካራቆሬ ከሌለች የሚቆምበት የለውም። እንዲያውም ድሮም እንዲሁ ነበር።

መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት እስካሁን ሄጄ ቤቱን አላየሁትም። አጎቴ ግን ከሁለት ወር በኋላ ደወለ። አንድ ቤተሰብ ከሦስት ልጆች ጋር ገብቷል። አልጋዋን ወደ ሌላው ጥግ አዙረውታል፣ ግድግዳውን በጭቃ መርገውታል። «ቅር ይልህ ይሆን?» አለኝ። ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልነገርኩትም።

«እንዴት ነው ታዲያ ቤቱ?» አልኩት።

«ይጨሳል» አለኝ።

ቸር እንሰንብት!