የጉና ብርድና የመነጽር ጉም

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚሄድ መንገደኛ የጉናን ተራራ በስተ ቀኙ ትቶ ያልፋል። ተራራው ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን ፋርጣን፣ እስቴንና ጋይንትን ያዋስናል፤ ርብና ጉማራም ከርሱ መንጭተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ከዚያ ወዲያ ያለችው የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ትባላለች፤ ማለዳ በዚያ የቆመ ሰው የስሟን ምክንያት አይጠይቅም።

በዚህ አገር መነጽር ለሚያደርግ ሰው፣ ይልቁንም በሞተር ብስክሌት ለሚሄድ፣ ክፉው ነገር የገዛ ትንፋሹ ነው። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በላዩ የራስ ቁር ሲደፋ፣ ሞቃቱና እርጥቡ ትንፋሽ በፊት ለፊት መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቀዘቀዘው መስተዋት ሲደርስም ጤዛ ይሆናል። በእስቴና በስማዳ ቁልቁለት ዓይን በዚህ ዓይነት ቢጋረድ የሚጠብቀው ገደል ነው።

በበረዶ ላይ በሸርተቴ የሚሄዱ ሰዎችም በዚሁ ይቸገራሉ። ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በጣልያን አገር በቶሪኖ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯልና። የሸርተቴ ሰዎች መነጽር ብዙውን ጊዜ ድርብ መስተዋት ነው፤ በመካከሉ ያለው አየር የውስጡን መስተዋት ከብርድ ይከላከላል። በጠርዙም አየር የሚተላለፍባቸው ቀዳዳዎች አሉትና የራስ ቁሩ እነዚህን እንዳይደፍን አስቀድመው ይለካሉ። መነጽሩንም ወደ ግንባር አይሰቅሉትም፤ የግንባር ላብ ያረጥበዋልና። ውስጡ ቢርስ አራግፈው በለስላሳ ጨርቅ ቀስ ብለው ያደርቁታል እንጂ አይፈትጉትም፤ ጉም እንዳይዘው የተቀባው ቅብ ይላጣል።

የእኛም መንገደኛ ከዚህ የሚወስደው አለ። ጋቢው ከአፍንጫ በታች ይሁን፤ የራስ ቁሩም መስተዋት ጥቂት ከፈት ይበል። ዳገት በእግር ሲወጣ ላብ ሳያጠምቀው ልብሱን ያላላ። ተራ መስተዋት ከሆነ ደረቅ ሳሙና በስሱ ቀብቶ በንጹሕ ጨርቅ መወልወል ይረዳል፤ ቅብ ላለበት ግን ይህ አይሆንም። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ መነጽሩ ወዲያው ይጋረዳልና፣ ባለቤቱን ትቶ ለምሰሶው እጅ እንዳይነሣ በደጃፉ አውልቆ ይግባ።

ከስማዳ ወደ በሽሎ ቆላ የወረደ እንደ ሆነ ጉሙ በራሱ ይለቃል፤ ከዚያ ወዲያ የመነጽሩ ባላጋራ አቧራ ነው።