በአንዲት ሴት አፍ የሚነገር ቴያትር

የእህቴ ልጅ በፓሪስ ከተማ በትምህርት ላይ ሳለች አንድ ደብዳቤ ጽፋልኝ ነበር። ደብዳቤውም ስለ ጤንነቴ ከጠየቀ በኋላ፣ በዚያ አገር ስላየችው አንድ ቴያትር የሚያወራ ነበር። ቴያትሩ «ፕሪማ ፋሲዬ» ይባላል፤ ይኸውም በላቲን ቋንቋ በመጀመሪያ እይታ ማለት ነው። ደራሲዋ ሱዚ ሚለር የምትባል አውስትራልያዊት ናት፤ ድርሰት ከመያዟ አስቀድሞ ጠበቃ ነበረች። ቴያትሩ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2019 በሲድኒ፣ በ2022 ደግሞ በሎንዶን ታየ፤ ወደ ፈረንሳይኛም ተተርጉሞ በፓሪስ ተጫወተ።

በመድረኩ ላይ ከአንዲት ሴት በቀር ሌላ ሰው የለም። እርስዋም ቴሳ የምትባል ጠበቃ ሆና ትናገራለች። ሴት አስገድደው ደፈሩ ተብለው የተከሰሱትን ወንዶች እየተሟገተች፣ ከሳሾቹንም ሴቶች በመስቀለኛ ጥያቄ እያናወጠች የምትረታ ናት። አንድ ሌሊት ግን ያው በደል በራስዋ ላይ በሥራ ጓደኛዋ እጅ ይደርስባታል፤ ከ782 ቀን በኋላም ከሳሽ ሆና በምስክሮች ስፍራ ትቆማለች። የዳኛውን፣ የተከሳሹን ጠበቃ፣ የእናትዋንም ቃል የምታሰማው ያችው አንዲት ሴት ናት። የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ከተረከችልኝ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እኔስ እዚያ ተቀምጬ ያየሁት እናቴን ነው» አለችኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ቃል ሳነብ ለምን እንደ ደነገጥሁ ለመግለጥ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

እኔ በሆሳዕና አካባቢ በሚገኝ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ፊደልን ከቄስ፣ ጥቂት ፈረንሳይኛም ከሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማርሁ። ታላቅ እህቴ ወደ ከምባታ አገር ተድራ ነበር። በ1998 ዓ.ም. በክረምት የአራት ዓመት ልጅዋን ይዛ በሌሊት ወደ አባታችን ቤት መጣች፤ ግራ ክንድዋ አብጦ ነበር። ከዚያም በፊት ሁለት ጊዜ እንዲሁ መጥታ ተመልሳለች። ሽማግሌዎች በሦስተኛው ቀን ተሰበሰቡ፤ ባልዋም ይቅርታ ጠየቀ፤ ተመረቀም። እህቴ በጓዳ ከሴቶች ጋር ስለ ነበረች ማንም አልጠየቃትም። የዕርቁን ወረቀት የጻፍሁ እኔ ነኝ፤ ጽሕፈት የምችል እኔ ነበርሁና። «በባልና በሚስት መካከል የተነሣው ጥቂት አለመግባባት በሽማግሌ ፊት በዕርቅ አልቋል» ብዬ ጻፍሁ። በማግሥቱም እህቴ ወደ ባልዋ ቤት ሄደች፤ በዚያው በታመመ ክንድዋ እንሰት ትፍቅ ጀመር።

ሕጉን አላውቅም ነበር ለማለት አልችልም። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በሚስት ላይ ስለሚፈጸም ድብደባ ለብቻው የደነገገው ነገር አልነበረም፤ እንዲያውም ጠላፊ የጠለፋትን ሴት በፈቃድዋ በሕግ ቢያገባት ከክስ ይድን ነበር። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ግን ያን ሽሮ፣ በ564ኛው አንቀጽ በትዳር ጓደኛ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንደ ማናቸውም አካል አጉዳይ እንዲቀጣ አዘዘ። ይህን አንቀጽ ለሌሎች ባለጉዳዮች በገዛ እጄ ገልብጬ ሰጥቻለሁ። ለእህቴ ግን የጻፍሁላት ጥቂት አለመግባባት ነው።

በዚያ ዘመን በከምባታ አንድ አዲስ ነገር ተጀምሮ ነበር። የዚያው አገር ተወላጅ የሆኑት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ከፍቅርተ ገብሬ ጋር በፈረንጆች 1997 «ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ» የተባለውን ማኅበር አቁመው፣ ሴቱም ወንዱም ሽማግሌውም ባንድነት ተቀምጦ ስለ ግርዛት፣ ስለ ጠለፋ፣ በቤት ውስጥም ስለሚደረገው ግፍ እንዲነጋገር ያደርጉ ነበር። ሥራቸውን የጀመሩት በቁጣ ሳይሆን ሕዝቡ አስቀድሞ የለመናቸውን ድልድይ በመሥራት ነው ይባላል፤ ይህም ትልቅ ብልሃት ይመስለኛል። በኋላ በብራስልስ የንጉሥ ቦድዋን ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ2012 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ዐረፉ።

በመንደሩ እንዲህ ያለ ጉባኤ በተደረገበት ቀን እህቴ ተነሥታ ተናገረች። እኔም በዚያ ቀን ልጠይቃት ሄጄ ስለ ነበር ከኋላ ቆሜአለሁ። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባልዋ ከመጠጥ ሲመለስ በሩን እንዴት እንደሚያንኳኳ በእጅዋ አሳየች፤ አማትዋ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ዝም በይ፣ ልጅ ይነቃል» የምትለውን በአማትዋ ድምፅ ተናገረች፤ ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ ሲመርቅም አስመሰለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ መዳፍዋን እንደ ወረቀት ዘርግታ፣ በአፍንጫ በሚወጣ በጸሐፊ ዜማ፣ «ጥቂት አለመግባባት» ብላ አነበበች። ያን ጊዜ አንድም የሳቀ አልነበረም፤ ወይም ሳቁን እኔ አልሰማሁም። ልጅዋ ቀሚስዋን ይዛ ታያት ነበር። በ2001 ዓ.ም. ፍቺ ጠይቃ አገኘች፤ የድርሻዋንም መሬት ተካፈለች።

እንግዲህ የእህቴ ልጅ የእናትዋን ነገር ወደ ፈረንሳይኛ ልመልሰው አስቤአለሁና የዕርቁን ወረቀት ግልባጭ ላክልኝ ብላ ለመነችኝ። ከሣጥን አውጥቼ አየሁት፤ ዐሥራ አንድ መስመር ነው። የእህቴ ስም ሁለት ጊዜ ተጠርቷል፤ ከቃልዋ ግን አንዲት ፊደል የለበትም። በፍርድ ቤትም ብዙ ጊዜ የማየው ይህንኑ ነው፤ ሴቲቱ በሀዲይኛ ረዥም ሰዓት ትናገራለች፣ አስተርጓሚው «መታኝ ትላለች» ይላል፣ እኔም «መታኝ» ብዬ እጽፋለሁ።

ወረቀቱን እንዳለ ገልብጬ ላክሁላት። ከጥቂት ሳምንት በኋላ መልስዋ መጣ። አለመግባባት የሚለውን ፈረንሳዮች «ማላንታንዲው» እንደሚሉትና ቃሉም ሲፈታ በደንብ ያልተሰማ ማለት እንደ ሆነ ጽፋ ነበር።

እሑድ ወደ እህቴ ዘንድ ሄጄ ደብዳቤውን አነበብሁላት። እዚህ ቃል ላይ ስደርስ አቋረጠችኝና ድገመው አለች። ደገምሁት። «እሱስ እውነት ነው» አለችና ቡናውን ቀዳችልኝ።