ፈቃጅም ከልካይም የሆነ ቃል

የሰው ቋንቋ አሮጌ ቤትን ይመስላል፤ አባት የሠራውን ልጅ ያድሰዋል፤ የልጅ ልጅም የቀድሞውን በር ዘግቶ በሌላ ወገን መግቢያ ያወጣለታል። ስለዚህ ወደ ባዕድ ቋንቋ የሚገባ እንግዳ በሩን ያገኘ ሲመስለው ከግድግዳው ጋራ መጋጨቱ አይቀርም። በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ፣ ኋላም እንግሊዝኛን በትጋት በተማረ በአንድ መምህር ላይ የደረሰው ነገር ይህንን ያስረዳል።

ይህ መምህር ማታ ማታ ጥቂት ወጣቶችን ሰብስቦ እንግሊዝኛ ያስተምር ነበር። ለንባብ የመረጠላቸውም በንጉሥ ጄምስ ዘመን፣ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1611 ዓ.ም. የታተመውን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ታሪኩን አስቀድመው ስለሚያውቁት ቃሉ ቢከብዳቸው ነገሩ ይመራቸዋል ብሎ ነበር። አንድ ምሽት ኦሪት ዘጸአትን ምዕራፍ 5ን ገለጡ። በመጀመሪያው ቍጥር ፈርዖን ሕዝቡን እንዲለቅ ሲጠየቅ እንግሊዝኛው የሚናገረው «ሌት» በሚል ቃል ነው። መምህሩም፣ «ይህ ቃል ለአማርኛ ጆሮ ሌሊት ማለት ቢመስልም ትርጓሜው ልቀቅ፣ ተው፣ ፍቀድ ነው» ብሎ አስረዳ፤ ተማሪዎቹም በደብተራቸው ጻፉ።

ወደ አራተኛው ቍጥር በደረሱ ጊዜ ከሁሉ የሚያንሰው ተማሪ ተነሣና፣ «የኔታ፣ እዚህም ያው ቃል አለ። ፈርዖን ሙሴንና አሮንን፣ ስለ ምን ለሕዝቡ ሥራውን ትፈቅዱለታላችሁ ብሎ ይቈጣልን? ሥራውንማ የሚፈልገው ራሱ ፈርዖን አይደለምን?» ብሎ ጠየቀ።

መምህሩ መልስ አልነበረውም። ነገር ግን አላውቅም ማለት በተማሪ ፊት ውርደት መስሎ ስለ ታየው፣ «ለሕዝቡ ዕረፍት ፈቀዳችሁለት ማለቱ ነው» ብሎ ከልቡ አውጥቶ ተናገረና ገጹን አለፈ። ትርጓሜው ለጊዜው የሚስማማ ይመስል ነበር፤ ሕሊናው ግን አልተቀበለውም።

ቤቱም ገብቶ ያንኑ ቃል በሌላ ስፍራ ፈለገ። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 1 ቍጥር 13 ላይ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች ሊመጣ ብዙ ጊዜ አስቦ እስከዚያ ድረስ ያልመጣበትን ምክንያት ሲናገር፣ እንግሊዝኛው በዚሁ በ«ሌት» ይገልጠዋል። ትርጓሜው ፈቀደ ከሆነ፣ የተፈቀደለት ሰው ስለ ምን ቀረ? አማርኛውን ቢመለከት ቃሉ ተከለከለ የሚል ሆኖ አገኘው። መምህሩ ያን ጊዜ፣ ፈርዖን የተቈጣው ሕዝቡን ከሥራው ከለከላችሁት ብሎ መሆኑን ተረዳ፤ በተማሪው ፊት የተናገረውም ፈጠራ መሆኑን አወቀ። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ፣ በሦስት ቍጥር ልዩነት፣ አንዱ ቃል አንድ ጊዜ ይፈቅዳል፤ አንድ ጊዜ ይከለክላል።

የነገሩ ምሥጢር እንዲህ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት ቃላት ነበሩ። አንደኛው «ላታን» የሚባለው ተወ፣ ለቀቀ ማለት ነበር። ሁለተኛው «ሌታን» የሚባለው አዘገየ፣ አሰናከለ ማለት ነበር፤ ዛሬ እንግሊዞች የዘገየውን ከሚጠሩበት «ሌይት» ከሚለው ቃል ጋራም ዘመድ ነው። በዘመን ብዛት ድምፃቸው ተቀራርቦ አንድ ሆነ። የቃላት መርማሪዎች ግን ሁለቱንም መድከምና መላላት ከሚል ከአንድ የጥንት ሥር ያወጧቸዋል፤ የደከመ ሰው የያዘውን ይለቃልና፣ የደከመ መንገደኛም ይዘገያልና።

ከልካዩ «ሌት» ዛሬ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። በ1881 ዓ.ም. የታረመው የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን ከሮሜ መልእክት አውጥቶ «ሂንደር» በሚል ቃል ተክቶታል። ነገር ግን በእንግሊዝ ፓስፖርት ላይ ባለመብቱ ያለ «ሌት»ና ያለ መሰናክል እንዲያልፍ የሚጠይቅ ቃል እስከ ዛሬ ተጽፎ ይገኛል። በቴኒስ ጨዋታም መጀመሪያ የተመታው ኳስ መረቡን ነክቶ በተገባው ስፍራ ቢያርፍ «ሌት» ይባልና ምቱ ይደገማል። ፈቃጁ «ሌት» ግን ሥራው በዝቶለታል፤ ቤት ያከራያል፤ በቀድሞ ሐኪሞች ዘንድ ከበሽተኛ ደም ያፈስ ነበር፤ በፍጥረት መጀመሪያ ብርሃን ይሁን የሚለውንም፣ በጸሎት ጊዜ እንጸልይ የሚለውንም እንግሊዞች የሚናገሩት በእርሱ ነው። አማርኛ ይህንን በግሡ እርባታ ብቻ ይፈጽመዋል።

ዘመዶቹም ቢሆኑ እንደ እርሱ ያስታሉ። «አላው» ከፈረንሳይ የመጣ ነው፤ ማመስገንና መመደብ የሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት ተቀላቅለው ወለዱት። «ፐርሚት» የጽሕፈት ቤት ቃል ነው። «ሊቭ» ሲሉት ትቶ መሄድም ነው፣ ፈቃድም ነው። «ሳፈር» ዛሬ መከራ ተቀበለ ማለት ሲሆን፣ በ1611 ዓ.ም. መጽሐፍ ጌታ ሕፃናትን ወደ እርሱ ይመጡ ዘንድ እንዲተዉአቸው ያዘዘበት ቃል ይኸው ነው። «ፕሪቨንት» ደግሞ ዛሬ ከለከለ ማለት ነው፤ በዚያ መጽሐፍ ግን ቀደመ ማለት ነው።

በማግሥቱ መምህሩ ተማሪዎቹን ሰብስቦ፣ «ልጆቼ፣ ትናንት የነገርኋችሁ ስሕተት ነው። የተሳሳትሁት ባለማወቄ ነበር፤ የበደልሁት ግን አላውቅም ባለማለቴ ነው። ከፈቀደ አጠገብ ከለከለ ብላችሁ ጻፉ» አላቸው። ያው ትንሹ ተማሪም፣ «የኔታ፣ አንድ ቃል ሁለት ተቃራኒ ነገር ከተናገረ እውነተኛው በምን ይታወቃል?» አለው።

«በጎረቤቶቹ ይታወቃል፤ የላዩንና የታቹን ሳታነብ አትፍረድበት» ብሎ መለሰ። «ደግሞም በእንግሊዝ አትሳቅ፤ እኛም እንዲህ ያለ አለን። ፈቀደ በግዕዝ ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ በአማርኛ ግን እንዲሆን ተወ ማለት ሆኖአል። በአባታችን ሆይ ጸሎት ፈቃድ ስንል የእግዚአብሔርን መውደድ እንለምናለን፤ ከሹም ዘንድ ፈቃድ ስንጠይቅ ግን አትከልክለኝ ማለታችን ነው። አባቶቻችን መጻሕፍትን ሲተረጕሙ አንድም፣ አንድም እያሉ የሄዱት ቃል በአንድ ፊት ብቻ እንደማይታይ ስላወቁ ነው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የተርጓሚ ወለምታ ደግሞ ከአንድ አፍ ወጥቶ በብዙ ደብተር ይጻፋልና ከዚህ ይከፋል። መምህሩ ግን ወለምታውን ሳይደርቅ በማግሥቱ አሸው፤ ተማሪዎቹም ከዚያ ምሽት ወዲህ መምህራቸው አላውቅም ባላቸው ጊዜ ይበልጥ ያምኑት ጀመር።