የወለዱትን ማወቅ

ልጅ ወላጆቹን የማወቅ መብት አለው ሲባል ሰው ሁሉ ይስማማል። ወላጅስ የወለደው ልጅ የት እንዳለና በማን እጅ እንደሚያድግ የማወቅ መብት አለውን? ተብሎ ሲጠየቅ ግን ብዙዎች ዝም ይላሉ። በካርቱም ከተማ፣ ዴም በሚባለው ሰፈር ከአገራችን ልጆች ጋር በጉርብትና በኖርንበት ዘመን ይህን ጥያቄ ከእናቶች አፍ ደጋግመን ሰምተነዋል።

ከእነዚህ እናቶች የአንዲቱን እንናገር። በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ወለደች፤ ከነሕፃንዋ የሚቀበላት አሠሪ ስላጣች ልጅዋን ለአንዲት ጎረቤት በአደራ ሰጥታ፣ በየወሩ ከደመወዝዋ ቀንሳ ማሳደጊያ ትከፍል ነበር። ለልደቱም ሆነ ለአደራው የተጻፈ አንድ ወረቀት አልነበረም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጎረቤቲቱ ሕፃኑን ይዛ በአንድ አቅጣጫ ሸሸች፤ እናቲቱም በሌላ መንገድ መተማ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ እናት ነኝ ብትል ከእንባዋ በቀር ምን ማስረጃ አላት?

በሱዳን አገር በእስልምና ሕግ መሠረት አሳዳጊ የልጁን የዘር ሐረግ ወደ ራሱ ሊያዞር አይችልም፤ ከፋላ በሚባለው ሥርዐት ይመግበዋል፣ ያስተምረዋል እንጂ ልጁ የአሳዳጊው ዘር ሆኖ አይቈጠርም። ይህ በውኑ ለወላጅ የሚያስብ ሥርዐት ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአገሩ የወንጀል ሕግ ከጋብቻ ውጭ የሚደረገውን ግንኙነት ወንጀል ስላደረገው፣ ያላገባች እናት ቅጣቱንና ነውሩን ፈርታ ስምዋን ሳትናገር ልጅዋን ጥላ ትሄዳለች። ወላጅ አልባ የተባሉ ጨቅላዎች ይሰበሰቡበት በነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 በተቋቋመው የማይጎማ ማሳደጊያ፣ ጦርነቱ በተነሣ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ50 የማያንሱ ሕፃናት ሞቱ፤ ወደ 300 የሚጠጉትም በዚያው ዓመት ወደ ዋድ መዳኒ ተወሰዱ። ከሞቱት መካከል የእርስዋ ልጅ ይኑር አይኑር የትኛዋ እናት ወጥታ ልትጠይቅ ትችላለች? የዘር ሐረግን የሚጠብቅ ሕግ የእናትን አፍ ከዘጋ፣ ሐረጉ ከየት ይመዘዛል?

በእኛም አገር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ ይደነግጋል። ነገር ግን ልጁ ባሕር ከተሻገረ በኋላ ይህን ድንጋጌ ማን ያስፈጽመዋል? ልጃችን ተምሮ ይመለሳል ብለው የፈረሙ ወላጆች ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ለውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ መስጠትን ከልክሏል፤ ቀደም ብለው የሄዱትን ልጆች ወሬ የሚጠባበቁ ወላጆች ግን ዛሬም አሉ።

እንግዲህ መብቱ ያለው በሕጉ ቃል ብቻ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የጸደቀው፣ ሱዳንም ኢትዮጵያም የተቀበሉት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ7ኛው አንቀጽ ሕፃን እንደ ተወለደ እንዲመዘገብና በተቻለ መጠን ወላጆቹን እንዲያውቅ በአንድነት ማዘዙ ያለ ምክንያት አይደለም። መዝገብ ከሌለ ልጅም ወላጁን፣ ወላጅም ልጁን ሊያገኝ አይችልም።

ስለዚህ ልጁን ለዘመድም ይሁን ለጎረቤት በአደራ የሚሰጥ ሰው የልጁን ስምና የልደት ቀን፣ የተቀባዩን ስምና አድራሻ በምስክር ፊት ያስጽፍ፤ አንዱንም ቅጂ ከራሱ አይለይ። ሕጋችን በውጭ አገር የሚወለደው የኢትዮጵያዊ ልጅ በኤምባሲና በቆንስላ እንዲመዘገብ ስለሚፈቅድ፣ በስደት ያለችም እናት ይህን ቸል አትበል። መንግሥታት ደግሞ እናት ሳትፈራ ስምዋን የምታስመዘግብበትን መንገድ ሊከፍቱ ይገባል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል፤ ከርስት ሁሉ በላይ ደግሞ ልጅ ነው።